አባቴ የሳቀበት ገና

ከቤቴ ጀርባ የሚሠራ አንድ አናጢ አለ፤ በእንጨት መዶሻ የመሮውን እጀታ ሲመታ «ቋ» የሚል ደረቅ ድምፅ ይወጣና የደብረ ማርቆስን የጠዋት ብርድ ሰንጥቆ መስኮቴ ድረስ ይመጣል፣ እኔም የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ባለሁበት እቆማለሁ። ያ ድምፅ ለእኔ የአናጢ ድምፅ አይደለም። በታኅሣሥ ማለቂያ፣ ውርጭ ባነጣው ሜዳ ላይ፣ ቆልማማ የወይራ ዱላ ክቧን የእንጨት ጥንግ ሲያገኛት የሚሰማው ድምፅ ነው።

በመሥሪያ ቤታችን ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚጀምር ወንድ የለም። ቅዳሜና እሑድ ያዩትን ኳስ ሲያመነዥኩ ይቆዩና፣ ወሬው ሲሞቅ በሕይወታቸው ካዩት ሁሉ የሚበልጠውን እያነሡ ይሟገታሉ፤ አንዱ በባከነ ሰዓት ስለገባች ጎል ሲያወራ ዕንባው ይመጣል፣ ሌላው የአገራችን ልጅ በመጨረሻው ዙር ሁሉንም ጥላ ስትወጣ ጎረቤቱ በደስታ ብዛት የራሱን ቴሌቪዥን እንደሰበረ ይምላል፣ አንድ ቀን ጣልቃ ብገባ ደግሞ «አንቺ ስፖርት ታውቂያለሽ እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል። አውቃለሁ እንጂ። ከሁሉም የባስኩ ደጋፊ ነኝ፣ ብቻ የእኔ ጨዋታ ወንበርም ቴሌቪዥንም አልነበረውም፣ የሚጫወቱትም አባቴና አጎቴ ነበሩ። ከዕድሜዬ የማልረሳቸው ሦስት ታላላቅ ቅጽበቶች አሉኝ፤ ሦስቱም በአንድ ሜዳ ላይ የሆኑ ናቸው፣ ሰው ያልወደቀበት ግን አንድም የለም።

አገራችን ከሮብ ገበያ ከተማ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ሲኬድ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድበት ደጋ። መንደሩን አንድ ሜዳ ለሁለት ይከፍለው ነበር፣ ከሜዳው በላይ ያሉት ላይ አምባ፣ ከሜዳው በታች ያለነው ታች አምባ እንባል ነበር፣ እናቴ የላይ አምባ ልጅ ስትሆን አባቴ የታች አምባ የጨዋታ አለቃ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በደቦ አብረው ሲያርሱና ሲያጭዱ የከረሙ ሰዎች፣ የገና ዕለት ከቅዳሴ መልስ በልተው ጠጥተው ዱላቸውን ይዘው ሜዳው ላይ ይገናኙና፣ ያችን ጥንግ ከሌላው ወሰን ለማሳለፍ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይፋለሙ ነበር። ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ ወደ ተሸናፊው አለቃ ቤት ይሄዳል፣ ደጁ ላይ ቆሞም ልቡ ያሰኘውን ስድብ በግጥም ያወርድበታል፤ ተሸናፊው ዳቦና ጠላ አቅርቦ መሳቅ አለበት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፣ በእኛ መንደር ግን ይህ አባባል ብቻ ሳይሆን ሕግ ነበር። የተቆጣ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ ሙክት ይቀጣል፤ ሙክቱስ ተበልቶ ያልቃል፣ «እውነት ባይሆን መቼ ይቆጣ ነበር» የሚለው ወሬ ግን አያልቅም። ስለዚህ የተሰደበ ሁሉ ጥርሱን እያሳየ ያሳልፈው ነበር።

ጥንጓም ያው ሕግ ነበራት። ሜዳው ላይ በጥንግ የተመታ ሰው ካሣ አይጠይቅም፣ ቂምም አይዝም። በሦስተኛ ደረጃ የማስቀምጠው ቅጽበት ጎረቤታችን እንየው ወሰኑ ላይ ተገትሮ ጥንጓን በጉልበቱ ያቆማት ዕለት ነው። ያን የመሰለ ምት ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ ያሳልፈው ነበር፣ እንየው ግን ንቅንቅ አላለም፣ ጉልበቱ ሲሰበር ድምፁ እኛ ሴቶችና ልጆች ከቆምንበት ጉብታ ድረስ ተሰማ፣ እሱ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ ሳለ የእኛ ሰዎች «አዳነን! አዳነን!» እያሉ በላዩ ላይ ይዘልሉ ነበር። እስከ ዛሬ ያነክሳል። ማን እንደመታው አሳምሮ ያውቃል፣ ኋላም የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣለት ያው የመታው ሰው ነው።

ሁለተኛው ቅጽበት የአጎቴ የይበልጣል ነው። ይበልጣል የእናቴ ታላቅ ወንድምና የላይ አምባ ግጥም አውራጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያወርድ የአንገቱ ሥር የሚገተር፣ ድምፁ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ትምህርቱን ሳይጨርስ ቢተወውም ግጥሙ እሱን አልተወውም፣ ገበያ ሲወጣ፣ ሲያርስ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ዓመት አባቴ ሕፃን የማይስታትን ጥንግ ለመለጋት ዱላውን ከፍ አድርጎ ሰንዝሮ ሳታት፣ በሰነዘረበት ኃይልም ራሱ ተሽከርክሮ በጀርባው ወደቀ፤ ይበልጣል ከበላዩ ቆሞ ወዲያው አወረደው፦

«ዱላውን ሲያዩት ወይራ ነው ግንዱ፣
ጥንጓ ስትመጣ ውሃ ነው ክንዱ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አባቴ ከወደቀበት ሳይነሣ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ቤት ገብቶም ለእናቴ በዜማው እየደገመ «ወንድምሽ እኮ ገደለኝ!» እያለ እንደገና ሳቀ። የአባቴ ሳቅ ከሆዱ የሚነሣና መጨረሻው ላይ ሳል የሚቀላቀልበት ሳቅ ነበር፣ እኔም በጣም እወደው ነበር። አጎቴንም እወደው ነበር፣ ቤታችን በመጣ ቁጥር «በይ አንድ ቃል ወርውሪልኝ» ይለኝና በወረወርኩለት ቃል እናቴን ወይም ድመቷን ወይም እኔኑ ሰድቦ ያስቀኝ ነበር።

በተከታዩ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ታላቅ እህቴ ውዴ በበቅሎ ተጭና ቤታችን ገባች። እኔ እታለም ነበር የምላት። ወደ ደብረ ኤልያስ በኩል ተድራ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ምጡ ቀናት ወሰደ፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት አልተገኘም፣ ልጁ ሞቶ ተወለደ፣ ውስጧም ተጎድቶ ሽንቷን መቋጠር አቃታት። ተቀምጣም፣ ተኝታም፣ ቆማም ሳታውቀው ይፈሳት ነበር። ባሏ ጥቂት ታገሠና ሳጥኗን ጭኖ በወንድሙ እጅ ላካት፣ በቅሎዋን የነዳው ሰው የቀረበለትን ጠላ እንኳ ሳይቀምስ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ዕለት ሰው ሰውን እንዴት እንደሚጸየፍ ተማርኩ፣ ዕድሜዬ ለትምህርቱ ገና ነበር።

ለመንደሩ «ባሏ እየሰከረ እየመታት ነው የመጣች» ተባለ፣ ሰውም አመነ፣ እንዲህ ያለ ባል ብርቅ አልነበረምና። አባቴ ከጓሮ ያለውን የጥጆች ቤት ጠርጎ፣ ግድግዳውን ዳግም መርጎ፣ መደብ ሠርቶ ሰጣት፣ ከመደቡ ላይ የሚነጠፈውን ገለባ በየቀኑ በገዛ እጁ ይቀይርላት ነበር። እኔ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ፣ ሌሎች ሴቶች ውሃ ሳይወርዱ፣ ጨርቆቿን ይዘን ወንዝ አብሬያት እወርድ ነበር፤ ውሃው እጅ ያደነዝዛል፣ ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ እሷ ጨርቁን ድንጋዩ ላይ እያሸች «ሚጣዬ፣ ሽታው ይሰማሻል?» ትለኛለች፣ እኔም «አይሰማኝም፣ እታለም» እላት ነበር። ይሰማኝ ነበር። እሷም እንደሚሰማኝ ታውቅ ነበር፣ ግን በየማለዳው ትጠይቀኝና በየማለዳው ያንኑ እመልስላት ነበር።

እናቴ ምሥጢሩ ቢከብዳት፣ መድኃኒትም የሚያፈላልግ ሰው ብትሻ፣ ለወንድሟ ለይበልጣል ነገረችው። ከሰው ሁሉ የምታምነው እሱን ነበር። ይበልጣል ሰምቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ተጉዞ ከመርጡለ ማርያም ጠበል በጄሪካን ተሸክሞ መጣ፣ ጥጆቹ ቤት በር ላይ ተቀምጦም በኩባያ እየቀዳ እህቴን አጠጣት። ይህን የምናገረው ክፉ ሰው እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔም፣ ለእናቴም፣ ነገሩ በቀለለን ነበር።

መስከረም ጠብቶ፣ ዝናቡ ቆሞ፣ ገብሱ ሲበስል እህቴ ትንሽ ትንሽ መሳቅ ጀመረች። አጨዳው ላይ ሰው ሲሰበሰብ ከቤት አትወጣም ነበር፣ እኛው ብቻችንን አውድማ ላይ ስንሆን ግን አባቴ ይጠራታል፣ ከጎኑ ገለባ ላይ ያስቀምጣታል፣ እናቴ እንኳ ሳይታወቃት ፈቀቅ ስትል እሱ ከእሷ ጋር በአንድ ሣህን ይበላ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ የገና ዱላውን ከጣሪያው ሥር አውርዶ «ቅቤ ቀቢልኝ፣ እጅሽ ይባርከው» ብሎ ሰጣት፣ እሷም ወይራው እስኪያብለጨልጭ ድረስ ቀባችው፣ አሸችው፣ በጥጆቹ ቤት በር ፀሐይ ላይ አቆመችው። «ዘንድሮ ብትሸነፍ በእኔ አታላክክ» አለችው። ለእሷ ያን ጊዜ ከዓለም የቀራት ሰው አባቴ ነበር፣ ሌላው ሁሉ ወይ አልፈለጋትም ወይ ተደብቃዋለች።

ያን ገና ተሸነፍን። የመጨረሻዋ ጥንግ ስታልፍ ላይ አምባዎች ዱላቸውን ወደ ሰማይ እያነሡ ሜዳውን ተሻግረው ወደ ታች ጎረፉ፣ እኔ ቀድሜ ሮጬ ቤት ደርሼ ነበር፤ እናቴ የገብስ ዳቦውን ቆርሳ በመሶብ ደርድራ፣ ጠላውን በእንስራ አውጥታ ጠበቀች፣ አባቴም ላቡን ጠርጎ እንደ ደንቡ ደጃፉ ላይ ቆመ። ይበልጣል ከፊት ነበር። መጀመሪያ ስለ አባቴ ሆድ አወረደ፣ ሁሉም ተቀበለው፣ አባቴም ሳቀ። ቀጥሎ ስለ እንየው ጉልበት አወረደ፣ እንየው ራሱ አብሮ ተቀበለ። ጭብጨባው ፈጠነ፣ ግቢው አቧራ ሆነ፣ ሰዎቹ «ጨምር! ጨምር!» እያሉ ይበልጣልን ገፉት፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር አየሁ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ላይ አምባ በጋ ነው፣ ታች አምባ ይዘንባል፣
ከባል የመጣች ልጅ መኝታዋ ይረጥባል።»

ተቀባዮቹ መቀበል ጀምረው መሃል ላይ ተንጠባጥበው አቆሙ። ጭብጨባው ጸጥ አለ። አንዷ ሴት በነጠላዋ አፍንጫዋን ስትነካ አየሁ፣ ያን ጊዜ ማንም ምንም አልሸተተውም፣ ግን ሁሉም ወደ ጓሮ፣ ወደ ጥጆቹ ቤት፣ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። እናቴ ከዳቦው ላይ እጇን ሳታነሣ ወንድሟን አየችው። ይበልጣልም ዓይኑን ገልጦ ያለውን ነገር አሁን ገና የሰማ መሰለ። ሰው ሁሉ አባቴን ይጠብቅ ነበር፤ ቢቆጣ፣ ፊቱ እንኳ ቢለወጥ፣ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው፣ ነገ ሮብ ገበያ ይደርሳል፣ ከነገ ወዲያ የውዴን ደጅ ሽማግሌ አይረግጠውም።

አባቴ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ደጃፉን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ረጅም ሳቅ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ «ወይ ይበልጣል! ምን ያልፈጠርከው ነገር አለ!» እያለ ትከሻውን መታው። ሰዎቹም ተንፈስ ብለው ሳቁ፣ «ውሸት ነው ለካ» የሚል ነገር በፊታቸው ላይ አለፈ፣ ዳቦው ተበላ፣ ጠላው ተጠጣ፣ ጭፈራው ቀጠለ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አባቴ እህቴን ከሞት ያወጣት መስሎኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ሳል ያልነበረበት ሳቅ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ጥጆቹ ቤት ከደጃፉ ሩቅ አልነበረም፣ ግድግዳውም ጭቃ ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ በዳቦ ላይ ሥጋ አድርጎ ወደ ጓሮ ሄደ፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ «ውዴ» አላት፣ አልመለሰችም፤ ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ፣ ውሻው በላው። ከዚያም በኋላ ገለባውን ሊቀይር ሲሄድ እሷ ቀድማ ቀይራ ትጠብቀው ነበር፣ ሣህኑን ይዞ ሲጠራት «ጠግቤአለሁ» ትለው ነበር። እሱም ከዚያ በላይ አልገፋም። የሆነውን ያወቀ፣ «ይቅር በይኝ» ማለት ግን የከበደው ሰው ነበር። እናቴ ግን ወንድሟ ዘንድ ሄዳ ለምን እንዳደረገው ጠየቀችው፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ «መጣልኝ፤ የመጣን ግጥም ምን ላድርገው?» አላት። ይህን መልስ እናቴ ለእኔ ስትነግረኝ ቃሉን እየረገጠች ነበር።

በጥምቀት፣ መንደሩ ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ሲወጣ፣ እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከወገቧ በታች ጨርቅ በጨርቅ ላይ አሥራ፣ ሮብ ገበያ ልትወርድ ተነሣች። እዚያ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ እንዲህ ያለው ሕመም ባሕር ዳር እንደሚታከም ለሰው ስትናገር ሰምታ ነበር። እስከ መንገዱ ሸኘኋትና «አባዬን ሳትሰናበቺው?» አልኳት።

«ሲስቅ ሰማሁት» አለች።

ሳጥኗን እንኳ አልወሰደችም። አባቴ ከጥምቀተ ባሕሩ ተመልሶ የጥጆቹን ቤት ባዶ ሲያየው መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ ገለባውን በእጁ ሲዳብስ ቆየና «ለማን ብዬ ሳቅሁ» አለ። በጋው ሳያልቅ ባሕር ዳር ታክማ መዳኗን ሰማን። አባቴ ሰው ላከባት፣ እሷ ግን «ደህና ነኝ በሉት» ብቻ አለች፣ ደብረ ማርቆስ የተማሪዎች ምግብ ቤት ሥራ ይዛ ቀረች።

በልጉም አልፎ ክረምቱ ሲገባ አባቴ አዲስ ልማድ አወጣ። ከእርሻ ሲመለስ ጓሮ ገብቶ፣ የጥጆቹ ቤት አጥር ላይ ቅል ያንጠለጥላል፣ ከሩቅ ቆሞ ጥንጓን በዱላው ይለጋታል። መጀመሪያ ላይ አጥሩን፣ ግድግዳውን፣ አንዴም የእናቴን ዶሮ መታ። ቀስ በቀስ ቅሉን መንካት ጀመረ፣ መስከረም ላይ መሳት አቆመ፤ ቅል ሲያልቅበት ከቤት እየወሰደ ያንጠለጥል ነበርና እናቴ «ወተቱን በምን እንናጠው? ጥይት ገዝተህ ሰውን ሁሉ ብትገላግል አይሻልም?» ብላ አላገጠችበት። ቅሉን በሰው ቁመት እንደሚሰቅለው፣ ያም ቁመት የረጅም ሰው እንደሆነ ያወቀች ጊዜ ግን ማላገጧን ተወችው። ወንድሟን አላስጠነቀቀችውም። ይህንንም ያህል ጊዜ አስቤበት እስከ ዛሬ ልፈርድባት አልቻልኩም።

እንግዲህ አንደኛው ቅጽበት ይኸውላችሁ። ሜዳው ላይ ውርጩ ገና አልረገፈም ነበር፣ ጨዋታው ከተጀመረ ቆይቷል፣ ላይ አምባ ሊያሸንፍ ጥቂት ቀርቶታል። ይበልጣል እንደ ወትሮው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሰዎቹን በዜማ ሊያበረታታ ከመሃል ፈንጠር ብሎ ቆመ፣ አንገቱን አቀና፣ አፉን ከፈተ። ጥንጓ ከእግር ወደ እግር ተገጫጭታ ወጥታ አባቴ ፊት ቆመች። የታች አምባ ሰው ሁሉ «ወደ ላይ! ወደ ላይ!» ብሎ ጮኸ፣ ወሰኑ ባዶ ነበር፣ ቢለጋት ያሸንፋል። አባቴ ቀና ብሎ ወሰኑን አየ፣ ከዚያ እግሩን አዞረ፤ ያችን የእግር ዙር ያየ ሰው ካለ እኔ ብቻ ነኝ። «ቋ!» አለች። ጥንጓ መሬት ሳትነካ፣ ሳትሽከረከር፣ በአራት አምስት ሰው ጭንቅላት መካከል ቀጥ ብላ ሄዳ የአጎቴ የተከፈተ አፍ ውስጥ ገባች።

ዘለልኩ። ከጉብታው ላይ እጄን አንሥቼ ዘለልኩ፣ ጮህኩ፣ ደስታው ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን ስንት ነገር አይቻለሁ፣ ያን ያህል ርቀት፣ በዚያ ሕዝብ መካከል፣ ያን ያህል የጠራ ምት አላየሁም፤ የተመታው የምወደው አጎቴ መሆኑም ደስታዬን አልቀነሰውም። ይበልጣል በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ደሙ በጺሙ ላይ ወረደ፣ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ሮጠችና ከውርጩ ላይ የወንድሟን ጥርሶች አንድ በአንድ እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ሽማግሌው አባ ውብነህ ጭራቸውን አነሡና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብለው ጮኹ። ሕዝቡም ወደ ይበልጣል ዞሮ ጠበቀ። አጎቴ አባቴን ቀና ብሎ አየው፣ ገባው፣ ከዚያም ደም በተሞላ አፉ ሳቀ።

«እግዜር ይማርህ አያሌው» አሉት አባ ውብነህ በአባቴ አጠገብ ሲያልፉ፣ «እጅህ ሳተ መሰለኝ።»

«አዎ አባ፣ እርስዎ እንዳሉት» አለ አባቴ።

የዚያን ዕለት እናቴ ወንድሟን ቤቱ አድርሳ ስትመለስ አባቴ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ነበር። የተቋጠረውን ነጠላ ፈትታ ጥርሶቹን በፊቱ፣ በምድጃው ድንጋይ ላይ ዘረገፈችና «እሱ ግጥሙን ነው ያወጣው፤ የነገርኩት እኔ ነኝ። የእኔን አፍ በምን ትመታዋለህ?» አለችው። ይበልጣል ዳነ፣ ከንፈሩ ግን ተጣሞ ቀረ፣ ሲናገር ነፋስ ያፏጭበታል፣ ከዚያ ወዲያም አላወረደም፤ ላይ አምባዎች ሌላ አውራጅ አቆሙ፣ ግጥሙ ሁሉ የከብት ስም ብቻ ሆነ፣ ሳቅም ጠፋ። አባቴና አጎቴ በለቅሶ፣ በሰርግ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበሉ ነበር፤ ቂም አልነበረማ፣ ሕጉ ቂም አይፈቅድም።

ለመሰናዶ ትምህርት ደብረ ማርቆስ ስመጣ እህቴ ዘንድ ገባሁ። የመጀመሪያ ነገሬ ያችን ምት መንገር ነበር፤ ምስር እየለቀመች ሳለ ተነሥቼ በመጥረጊያው እንጨት እያሳየሁ፣ አባዬ እግሩን እንዴት እንዳዞረ፣ ጥንጓ እንዴት እንደሄደች፣ ጥርሱ እንዴት እንደረገፈ ነገርኳት። ስጨርስ «ከዚያስ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምንም እንደሌለ ስታይ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እኔ ልቅሶ ወይ ሳቅ ጠብቄ ነበርና በጣም ተናደድኩባት።

ካቻምና አባቴ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ስናስገባው ያስታመመችው እሷ ናት። የመጣችው ስለተጠራች ብቻ ነው፣ ግን ከመጣች በኋላ ከአልጋው አልተለየችም፣ ታጥበዋለች፣ አንሶላውን ትቀይርለታለች፣ ሾርባውን በማንኪያ ታጎርሰዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት፣ እኔ እግርጌው ተቀምጬ ሳለሁ፣ ማንኪያውን በእጁ ገታ አደረገና «ያችን ምት ሰምተሻል አይደል?» አላት።

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ።»

«ላንቺ ነበር።»

«ሳቅህንም ሰምቼዋለሁ» አለችው።

አባቴ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅን። «ባልስቅ እኮ፣ ልጄ» አላት፣ «ባልስቅ እኮ እውነት ነው ይሉ ነበር።»

እህቴ አፉን በፎጣ ጠረገችለት፣ ማንኪያውንም እንደገና ሞላችው። «እውነት ነበራ፣ አባዬ» አለችው።

ያኔ ያ ነገር ከቤታችን እንዳይወጣ አንዲት ሴት ልጅ በጥጆች ቤት ተደበቀች፣ አንድ ሰው ልቡ እየደማ ሳቀ፣ ሌላው አፉን አጣ። ዛሬ እህቴ ገበያ መሃል ቆማ፣ አንዲት ወጣት ከሰው ሸሸት ብላ ስትቆም ካየች፣ እጇን ይዛ «እኔም ነበረብኝ፣ ይድናል» ትላለች፣ ድምፅዋንም ዝቅ አታደርግም፣ ሕክምናው ሩቅ አይደለም፣ ሰውም ቆም ብሎ ሰምቶ መንገዱን ይሄዳል። እኔ ዛሬም ያችን ምት ከሁሉም በላይ አስቀምጣታለሁ፣ ከልቤም አልወጣችም። አባቴ ድኖ ቤቱ ገብቷል፣ ሲበርደው እኔ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ይመጣል፣ እህቴም ትመጣለች። ባለፈው ገና እንግዶች ተቀምጠው ሳለ ስለዚያ ዘመን ጠየቋትና ሁሉንም መናገር ጀመረች፣ የበቅሎውን፣ የገለባውን፣ የሚፈሰውን። አባቴ ከጥግ ሆኖ ሆዱን ያዘና መሳቅ ጀመረ። እህቴ ንግግሯን አቋርጣ አየችው፣ እሱም አፉን እንደከፈተ ዝም አለ።